«ሕዝብ» የሚለው ቃልና የኦጊየክ ፍርድ፦ የመሬት መብት ወደ አማርኛ ሲመለስ

የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ሜይ 26 ቀን 2017 አሩሻ ላይ በሰጠው ፍርድ የኬንያ መንግሥት ኦጊየኮችን ከማው ደን በማስለቀቁ የአፍሪካን ቻርተር ሰባት አንቀጾች እንደጣሰ ወስኗል (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍርዱ በዚህ ፍርድ ቤት ስለ ነባር ሕዝቦች የተሰጠ የመጀመሪያው ውሳኔ በመሆኑ የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ጽፈውበታል። የሚመረምሩትም ይበልጡን ውጤቱን ነው፤ ማን ረታ፣ ምን ተከለከለ፣ ምን ያህል ካሣ ተቆረጠ። ፍርዱን እንደ ጽሑፍ፣ ማለትም አንዱን ቃል መርጦ ሌላውን የተወ ድርሰት አድርጎ ማንበብ ግን ሌላ ጉዳይ ይገልጣል። እንግሊዝኛው «ፒፕል»፣ «ፖፑሌሽን» እና «ፐብሊክ» እያለ በጥንቃቄ የለያቸው ሦስት ነገሮች በአማርኛ አንድ ስም ብቻ አላቸው፤ ሦስቱም «ሕዝብ» ናቸው። በኦጊየክ ጉዳይ ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ በአማርኛ ብቻ የሚያነበው ሰው ማን ከማን ጋር እንደተሟገተ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኦጊየኮች በኬንያ ማው ተራሮች ደን ውስጥ በአደንና በማር ቆረጣ የኖሩ፣ ቋንቋቸውም ከደቡብ ናይሎቲክ የካሌንጂን ቅርንጫፍ የሚመደብ ሰዎች ናቸው። ፍርዱ ቁጥራቸውን ወደ 20,000 ያደርሰዋል፤ ከእነዚህ 15,000 ያህሉ 400,000 ሔክታር ገደማ በሚሰፋው በማው ደን ይኖራሉ። በኦክቶበር 2009 የኬንያ የደን አገልግሎት በ30 ቀን ውስጥ ደኑን ለቀው እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። አቤቱታው ባንጁል ለሚገኘው የአፍሪካ ኮሚሽን ቀረበ፤ ኮሚሽኑም በ2012 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤቱ ወሰደው። መንግሥት ከተከራከረባቸው ነጥቦች ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማሉ። አንደኛው፣ ኦጊየኮች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለተቀላቀሉና አኗኗራቸው ስለተለወጠ የተለየ ጥበቃ የሚጠይቁበት ማንነት የላቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማው የወንዞች መነሻ ስለሆነ ደኑን መጠበቅ ለጠቅላላው የኬንያ ሕዝብ ጥቅም ነው የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አልተቀበለም። ደኑ የተራቆተው በሌሎች ሰፋሪዎች፣ እንዲሁም መንግሥት ራሱ ለሰፈራ በቆረሳቸውና ለእንጨት ነጋዴዎች በፈቀዳቸው ቦታዎች ምክንያት መሆኑን ገልጾ፣ ሰዎቹን ማስወጣት ደኑን ለመጠበቅ አስፈላጊም ተመጣጣኝም እንዳልነበረ ደምድሟል።

የፍርዱ ቋንቋ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠነቀቀው ኦጊየኮችን ምን ብሎ እንደሚጠራ ሲወስን ነው። በ112ኛው ተራ ቁጥር ላይ «ፒፕል» አይላቸውም። «የኬንያ ፒፕል አካል የሆነ ነባር ፖፑሌሽን» ናቸው ይላል፤ ከተጋላጭነታቸው የተነሣም ልዩ ጥበቃ ይገባቸዋል ሲል ያክላል። በዚህ አባባል «ፒፕል» የተባለው የአገሩ ሰው በሙሉ ነው፤ ኦጊየኮች ግን በውስጡ የሚኖሩ «ፖፑሌሽን» ናቸው። የመጀመሪያው ቃል በዓለም አቀፍ ሕግ መብት ያዥ ነው፤ በቻርተሩ ከአንቀጽ 19 እስከ 24 የተዘረዘሩት የጋራ መብቶች ባለቤት እርሱ ነው። ሁለተኛው የስታቲስቲክስና የአስተዳደር ቃል ነው፤ ይቆጠራል፣ ይጠበቃል፣ ይረዳል እንጂ በራሱ ስም አይከስም። ዳኞቹ ሁለቱን ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማሰለፋቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ይህ ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን ይሆናል? በተለመደው አካሄድ «ኦጊየክ የኬንያ ሕዝብ አካል የሆነ ነባር ሕዝብ ነው» ይባላል። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ጆሮም የማይጎረብጠው ዐረፍተ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ ያላለውን ይላል። ዳኞቹ በዚያ ቦታ ሊሰጡ ያልፈለጉትን ማዕረግ ተርጓሚው ሳያስበው ሰጠ ማለት ነው። «የሕዝብ ቆጠራ»፣ «የሕዝብ ብዛት» የሚሉት ሐረጎች እንደሚያሳዩት በአማርኛ የሚቆጠረውም የሚከሰውም ያው «ሕዝብ» ነው። ስለ ኦጊየኮች መብት የሚቆረቆር አንባቢ በዚህ ስሕተት ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን የፍርዱን ድክመት የሚሸፍን ትርጉም ለተከራካሪዎቹ አይበጃቸውም፤ ምን እንደጎደላቸው አያሳይምና።

የጎደለው ነገር በአንቀጽ 21 ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ አንቀጽ ሕዝቦች በሀብታቸውና በተፈጥሮ ሀብታቸው በነጻ እንዲያዙ የሚደነግግ ነው። ፍርድ ቤቱ ቻርተሩ «ፒፕል» የሚለውን ቃል እንደማይተረጉም ካስታወሰ በኋላ፣ ቃሉ በአንድ አገር ውስጥ የሚኖሩ ቡድኖችንም ይጨምራል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይጨምራል፣ የአገሪቱን ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት እስካልነኩ ድረስ፣ ሲል ይመልሳል። በ112ኛው ቁጥር የተነፈገው ስም እዚህ በቅድመ ሁኔታ ተሰጠ። ከስሙ ጋር የተሰጠው ሀብት ግን ጠብቧል። በፍርዱ መሠረት ኦጊየኮች የተነፈጉት ምድራቸው በሚያፈራው የተትረፈረፈ ምግብ የመጠቀምና በእርሱ የማዘዝ መብት ነው። «የተፈጥሮ ሀብት» ወደ «ምግብ» ወረደ ማለት ነው። እንጨቱ ለሌሎች ሲፈቀድ በኖረበት ደን የሰዎቹን ድርሻ በማርና በሥጋ መወሰን ቸልተኛ አጻጻፍ ነው፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑ በ2009 በቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ስለነበሩት ኢንዶሮይሶች በሰጠው ውሳኔ ሕዝብ መሆናቸውን እንዲህ ሳያመነታ ተናግሮ ነበር።

ጁን 23 ቀን 2022 በተሰጠው የካሣ ፍርድ ቃሉ ተለወጠ። ፍርድ ቤቱ ለቁሳዊ ጉዳት 57,850,000፣ ለሞራል ጉዳት 100,000,000 የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል፣ መሬቱም ተለክቶና ተከልሎ በወል የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሰጥ አዘዘ። ከዚህም ጋር ኬንያ ኦጊየኮችን እንደ አንድ ነባር «ፒፕል» በተሟላ ሁኔታ እንድታውቅ፣ ለኦጊየክ ቋንቋም እውቅና እንድትሰጥ በ12 ወር የጊዜ ገደብ ወሰነ። ከ«ፖፑሌሽን» ወደ «ፒፕል» ለመድረስ አምስት ዓመት ወስዷል። በአማርኛ ግን በ2017 «ነባር ሕዝብ»፣ በ2022ም «ነባር ሕዝብ» ነው። በሁለቱ ፍርዶች መካከል የተደረገው ትልቁ እርምጃ በቃሉ ላይ ምንም ዱካ አልተወም።

ከሁለቱ ይልቅ ከባዱ ግን ሦስተኛው ነው። በኢትዮጵያ ሕግ መሬት የሚወሰደው «ለሕዝብ ጥቅም» ሲባል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ርእሱ ራሱ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበት» በማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ «ሕዝብ» የሚወሰድበት ሳይሆን የሚወሰድለት ነው። እንግሊዝኛ አንዱን «ፐብሊክ»፣ ሌላውን «ፒፕል» ብሎ ስለሚጠራቸው ሁለቱ ሲጋጩ ግጭቱ ይታያል፤ የኬንያ መንግሥት የመጀመሪያውን፣ ኦጊየኮች ሁለተኛውን ይዘው ቀርበዋል። የዚህን ክርክር አስኳል በአማርኛ የጻፈ ሰው «የሕዝቡ መብት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ሊገደብ ይችላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጽፋል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ የሚከስርና የሚያተርፍ የለም። ሕዝቡ ከራሱ ወስዶ ለራሱ የሰጠ ይመስላል።

አዋጁ ሌላም መታየት ያለበት ቃል አለው፤ «ተነሺ» የሚለውን። መሬቱን የሚለቀው ሰው «የልማት ተነሺ» ይባላል። ቅርጹ ከማይሻገረው ግስ «ተነሣ» የወጣ የባለድርጊት ስም ነው፤ «ሂያጅ»፣ «ተጓዥ» እንደሚባለው። የሚያስነሣው አካል በቃሉ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ከመቀመጫው ብድግ ያለ ይመስላል። «ተፈናቃይ» ግን ከ«ፈነቀለ» የወጣ ነው፤ ድንጋይ የፈነቀለ፣ መንግሥት የገለበጠ ኃይል በሥሩ ይሰማል። ሁለቱ ቃላት ስለ አንድ ዓይነት ሰው ሊነገሩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው የካሣ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ሁለተኛው የአቤቱታ ወረቀት ላይ ይገኛል። የኦጊየክን ፍርድ ለሕግ ተማሪ የሚተረጉም ሰው «ተነሺ»ን ከመረጠ መንግሥት የተረታበትን ክርክር በመንግሥት ቃል ጻፈው ማለት ነው።

እነዚህ አስተያየቶች የተርጓሚ ቤት ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስሉ አንድ ነገር መታወስ አለበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ቻርተር በ1990 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 114 ተቀብላለች። አሩሻ ያለው ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን ጉዳይ ባያይም ቻርተሩ ግን የኢትዮጵያ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ አንድ የኢትዮጵያ ዳኛ አንቀጽ 21ን ሲጠቅስ የሚጠቅሰው በአማርኛ ነው፤ በፊቱ ያለውም «ሕዝብ» የሚለው ቃል ነው።

የብዙ ቁጥሩ ምልክት ችግሩን ይፈታዋል የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል፤ «ሕዝቦች» ሲባል መብት ያዦቹ፣ «ሕዝብ» ሲባል ጠቅላላው ማኅበር ይሆናል በማለት። ይህ መልስ በሁለት ምክንያት አይጸናም። አንደኛ፣ የአንድ ቡድን ጉዳይ ሲነሣ ቡድኑ አንድ ስለሆነ «ሕዝቦች» ማለት አይቻልም፤ «የኦጊየክ ሕዝብ» ከማለት በቀር አማራጭ የለም። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይህን ልዩነት አልጠበቀም። በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬት ባለቤትነት «የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ» ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ በዚያው ቦታ የብዙ ቁጥሩን «ፒፕልስ» ይጠቀማል። በእንግሊዝኛው መሬቱ የብዙ ሕዝቦች ነው፤ ገዢ በሆነው በአማርኛው የአንድ ሕዝብ። ተከታዩ ዐረፍተ ነገር ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን በብዙ ቁጥር ስለሚጠራ ነገሩ በከፊል ይቃናል። ቢሆንም በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ስንጥቅ ብዙ ክርክር ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ ወደ ግእዝ ሥር መሮጥ የሚወዱ አሉ። «ብሔር» በግእዝ ምድር፣ አገር ማለት ነበር፤ «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥ እስከ ዛሬ በዚያው ትርጉሙ አለ። «ሀብት»ም ከ«ወሀበ» የወጣ፣ ስጦታ ማለት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ቋንቋው ሕዝብንና ምድርን አልለየም፣ የተፈጥሮ ሀብትም በጥንቱ አስተሳሰብ ስጦታ ነው ብሎ መደምደም ያምራል። ያምራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የዛሬው ተናጋሪ «ብሔር» ሲል ምድር አይታየውም፤ የ«አሕዛብ»ን የቤተ ክርስቲያን ትርጉም ከ«ሕዝቦች» ጋር እንደማያገናኘው ሁሉ። ሕግ የሚተረጎመው ቃሉ ዛሬ በሚኖርበት ሰፈር ነው።

የአካባቢው ሌሎች ቋንቋዎች ችግሩን በልዩ ልዩ ቦታ ተሸክመውታል። የፍርድ ቤቱ የስዋሂሊ ስም «ማሃካማ ያ አፍሪካ ያ ሃኪ ዛ ቢናዳሙ ና ዋቱ» ነው። «ዋቱ» የ«ምቱ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ ሰዎችም ሕዝቦችም ማለት ነው፤ ስሙ ቃል በቃል ሲታይ «የሰው ልጅና የሰዎች መብት» ይመስላል። በሌላ በኩል የጋራው ጥቅም «ማስላሂ ያ ኡማ» ስለሚባል «ኡማ» እና «ዋቱ» አይምታቱም። ስዋሂሊ ግለሰቦችን ከሕዝብ መለየት ያቅተዋል፤ አማርኛ ሕዝብን ከሕዝብ። አፋን ኦሮሞ በ«ኡመታ» የአማርኛን መንገድ ይከተላል። ሶማሊኛ «ደንተ ጉድ» ሲል የጠቅላላውን ጥቅም ማለቱ ነው (ይህ «ጉድ» የአማርኛው ጉድ አይደለም)፤ «ሸዓብ» የሚለውን ለሕዝብ ስላስቀረ ከሁሉም የተሻለ ልዩነት ያለው እርሱ ይመስላል።

«ነባር» የሚለው ቅጽልም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። በእርሱ ላይ ያለው አደጋ ከሰዋስው የሚወጣ ነው። «ነባር» ጥንድ አለው፤ «መጤ»። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሰዎች ከቀያቸው ሲባረሩ «መጤ» ምን እንዳደረገ የማያውቅ አንባቢ የለም። ስዋሂሊም «ዌኜጂ» ሲል ተቃራኒው «ዋጌኒ»፣ እንግዶች፣ ነው። የአፍሪካ ኮሚሽን የሥራ ቡድን በ2003 በጸደቀው ሪፖርቱ በአፍሪካ ይህ ስያሜ ቀድሞ የደረሰውን ከኋላ ከመጣው ለመለየት እንዳልሆነ በግልጽ አስረድቶ ነበር። መለኪያው ከመሬቱ ጋር ያለ ልዩ ቁርኝት፣ መገለልና ራስን በዚያ ስም ማወቅ ነው። «ነባር ሕዝብ» የሚለው ትርጉም የሥራ ቡድኑ በበር ያስወጣውን ሐሳብ በመስኮት ይመልሰዋል። «ሀገር በቀል» እውቀትንና ዛፍን ለምዷል፤ ለሰው ሲሰጥ ያስቃል። «ቀደምት» ከ«ነባር» የባሰ ቀዳሚነትን ያጎላል። ፍጹም የሆነ ቃል የለም፤ ቢያንስ ግን ተርጓሚው «ነባር»ን ሲጠቀም የ«መጤ»ን ጥላ የሚያነሣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊጨምር ይገባል።

የስም ጉዳይ ለኦጊየኮች አዲስ አይደለም። ማሳዮች «ኢል-ቶሮቦ» ሲሏቸው ከብት የሌላቸው ድሆች ማለታቸው ነበር፤ የቅኝ ግዛት ጽሑፎች ይህንኑ «ዶሮቦ» ብለው ወሰዱት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የኬንያ የመሬት ኮሚሽን «ዶሮቦዎች» ወደሚቀርቧቸው ትልልቅ ነገዶች ክልል እንዲዛወሩ ሐሳብ አቀረበ። በከብት እጦት የተሰየመ ቡድን በከብት አርቢዎች ዓይን መሬት ያለው ሆኖ አልታየም። ኦጊየኮች ግን መሬት ነበራቸው። እያንዳንዱ የዘር ሐረግ ከተራራው ግርጌ እስከ ራሱ የሚወጣ፣ የተለያዩ የደን ዓይነቶችን የሚያቋርጥ ርስት ነበረው፤ አበባ በየከፍታው በየወቅቱ ስለሚፈነዳ ቀፎም በዚያው ልክ ይሰቀል ነበር። ይህን ርስት «ኮኖይቶ» ይሉታል። በካፋና በሸካ ደን «ኮቦ» የሚባለውን የቀፎ ይዞታ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የ2017ቱ ፍርድ በንብረት ክፍሉ የተመረኮዘው ግን በሦስት የላቲን ቃላት ላይ ነው፤ «ኡሱስ»፣ «ፍሩክቱስ» እና «አቡሱስ»። በመገልገል፣ ፍሬ በመውሰድና በማስተላለፍ መብት ንብረትን ከፈለው፤ የነባር ሕዝቦች መብት ሦስተኛውን የግድ ላይጨምር እንደሚችል ገለጸ። አማርኛ እነዚህን ለመተርጎም አይቸግረውም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ «አላባ» የሚለውን ቃል ካለመደ ስልሳ ዓመት አልፏል። ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ ኦጊየክ መሬት የተሰጠ ፍርድ የይዞታውን ምንነት ሲመረምር መለኪያውን ያገኘው ከሮም ሕግ ነው። «ኮኖይቶ»ን በሦስቱ ሳጥኖች መመደብ የሚቻል ቢሆንም ለዘር ሐረጉ አባላት ማስተላለፍ ከመሸጥ፣ ማር መቁረጥ ከማረስ የሚለይበት ነጥብ በዚያ ምደባ ውስጥ አይታይም። ፍርድ ቤቱ በ2022 ለኦጊየክ ቋንቋ እውቅና እንዲሰጥ ማዘዙ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ቋንቋውን በምስክርነት ሳይሆን በተጠባቂ ቅርስነት ነው ያየው፤ ከባህልና ከሃይማኖት ሥርዓት ጎን አስቀመጠው፣ ከመሬት ጎን አይደለም።

ለአማርኛው በተግባር ሊደረግ የሚችለው ውሱን ነው። «ፖፑሌሽን» በ112ኛው ቁጥር ላይ «ነዋሪዎች» ቢባል የዳኞቹ ማመንታት ለአንባቢው ይደርሳል፤ «የኬንያ ሕዝብ አካል የሆኑ ነባር ነዋሪዎች» ሲባል ጉድለቱ ወዲያው ይሰማልና። «ፐብሊክ» መሬት ከመውሰድ ጋር ሲያያዝ «የጋራ ጥቅም» ቢባል፣ «ሕዝብ» ለመብት ያዡ ይቀራል። «የወል» የሚለው ቃል ለዚህ አይሆንም፤ «የወል ይዞታ» በሚለው ሐረግ የማኅበረሰቡን መሬት ይዞ ስለተገኘ የሚወስደውንና የሚወሰድበትን እንደገና ያደባልቃል። አዋጅ ቁጥር 1161ን በአንድ ተርጓሚ ምርጫ መለወጥ አይቻልም፤ የአዋጁ ሐረግ ሲጠቀስ እንዳለ መጠቀስ አለበት። የፍርዱ ትርጉም ግን በአዋጁ ቃል እንዲጻፍ የሚያስገድድ ምንም የለም።

ለቋንቋው እውቅና የተሰጠው የ12 ወር ገደብ በ2023 አጋማሽ አለፈ። በኖቬምበር 2023 በናሮክ በኩል ባለው በማው ደን፣ ሳሲሙዋኒ በተባለ ቦታ፣ የኦጊየክ ቤቶች ፈርሰው ቤተሰቦች ተባረሩ። የመንግሥቱ መከራከሪያ አሁንም ደኑን ስለ ሁሉም ጥቅም መጠበቅ የሚል ነበር። ይህን ዜና በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በፊቱ ያሉት ቃላት እነዚያው ናቸው፤ ሕዝብ፣ የሕዝብ ጥቅም፣ ተነሺ፣ ተፈናቃይ።